ያልተቃጠለ አምፖል ስለ መለወጥ



በሳምንት አንዴ የምትገኘውን የዕረፍት ቀን፣ ልብስ የሚታጠብባትን፣ አገር ቤት የሚደወልባትን፣ ትንሽም ጋደም የሚባልባትን ቀን ትታችሁ ስለ ሞተር ሳይክል አምፖል ለመስማት እዚህ ሪያድ፣ ዲራ ድረስ መጥታችኋል። እንግዲህ ወይ ርዕሱ ከገመትኩት በላይ ይጠቅማል፣ ወይ ቡናው ጥሩ ነው ማለት ነው። የተሰጠኝ ርዕስ «ከረጅም ጉዞ በፊት የፊት መብራት አምፖል መለወጥ» የሚል ነው። እኔ አንዲት ነገር ጨምሬበታለሁ፤ የምንለውጠው ያልተቃጠለውን አምፖል ነው። የተቃጠለውንማ ለመለወጥ ማንም ንግግር አያስፈልገውም። እየበራ ያለውን አምፖል ፈትቶ ማውጣት ግን ለኪሳችንም ለልማዳችንም ይከብዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ሰው ስንመክር ነው።

እዚህ ዲራ መሀል ቆሞ ስለ ጨለማ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ከመስመክ ምሽግ ጀምሮ ምንጣፍና ዑድ እስከሚሸጥበት እስከ ሱቅ አል ዘል ድረስ ግድግዳው ሁሉ ባውዛ ተደርድሮበታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1902 ዓብዱልዓዚዝ ኢብን ሱዑድ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ሌሊቱን ከምሽጉ አቅራቢያ ተደብቆ ያደረውና ሲነጋጋ መስመክን የያዘው፣ ይህች ከተማ የጭቃ ግንብና የዘይት ኩራዝ ከተማ በነበረችበት ዘመን ነው። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ማንም ተደብቆ ማደር አይችልም፤ የጎማችሁን ቁጥር ሌሊት ቆማችሁ ታነቡታላችሁ።

ችግራችን የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ዴሊቨሪ የምትሠሩ ልጆች ከበጠሃ ወደ ዑለያ፣ ከመንፉሃ ወደ መለዝ ሌሊቱን ሁሉ ስትመላለሱ መንገዱን የሚያሳያችሁ የከተማው ምሰሶ ነው። የእናንተ መብራት ሥራው ሌላው ሰው እናንተን እንዲያይ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማ ሞተረኛ የገዛ መብራቱን አያውቀውም። ስድስት ወር ሙሉ አጭር መብራቱ ደክሞ፣ አንጸባራቂው አቧራ ጠጥቶ፣ መስተዋቱ ደብዝዞ ሲነዳ ከርሞ ምንም ላይሰማው ይችላል። የሚያውቀው ከከተማ ወጥቶ የመጨረሻው ምሰሶ ከኋላው ሲቀር ነው።

ከሪያድ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን የ40 ቁጥር መንገድ ስንቶቻችሁ በመኪና ሄዳችሁበታል? ለዑምራ የሄዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የጡወይቅን ተራራ ወርዶ፣ በቁወይዒያ በኩል አልፎ፣ ወደ ጣኢፍ ይዘልቃል። እስከ መካ ድረስ ወደ 870 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ምሥራቅ ብትሉ ደግሞ ደማም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መሀል ላይ የደህና አሸዋ አለ። በሁለቱም በኩል በከተሞቹ መካከል ጨለማው የዋዛ አይደለም።

«ታዲያ በቀን አይኬድም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይኬዳል፣ በጥርና በየካቲት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ሪያድ ውስጥ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲነካ በሞተር ላይ ቀትርን ማለፍ ራስን መቀቀል ነው። ሄልሜት ውስጥ ያለ ጭንቅላት፣ ከሥር የሚተነፍስ ሞተር፣ ከላይ ፀሐይ። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ተነሥቶ ሌሊቱን ይነዳል። ከሙቀት ሸሽተን የምንጠጋው ወደ አምፖላችን ነው ማለት ነው። የምንጠጋበትን ነገር ደግሞ አስቀድሞ ማየት ደግ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይበላል። ሰው አንድ ነገር አይቶ፣ ምንነቱን ለይቶ፣ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ 42 ሜትር ሄደ። ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬን፣ በጥሩ ጎማ ለመቆም 55 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ ወደ 100 ሜትር ነው። ጤናማ አጭር መብራት ግን ጥቁር ነገርን በደንብ የሚያሳየው 50 ወይም 60 ሜትር ድረስ ነው። የቀረውን 40 ሜትር የምትነዱት በእምነት ነው። በአጭር መብራት ያያችሁት ነገር ፊት በእርግጥ ለመቆም ፍጥነታችሁ ከ60 እስከ 70 አካባቢ መሆን አለበት። ይህ አዲስ አምፖል ላለው ሰው ነው። ለደከመ አምፖል ከዚያም ዝቅ ይላል።

ሜዳው ላይ የሚጠብቃችሁ ደግሞ ግመል ነው። እዚህ አገር ከግመል ጋር መጋጨት የታወቀ የሌሊት አደጋ ነው፤ በትልልቆቹ መንገዶች ዳር አጥር የታጠረውም ለዚሁ ነው። አጥር ባለበት ግን በር አለ፣ በር ባለበት የተረሳ በር አለ። የግመል ነገር ከላም የሚለየው በቁመቱ ነው። ሰውነቱ ያለው ከላይ ነው። አጭር መብራት ሆን ተብሎ ከላይ ተቆርጦ ስለሚሠራ፣ የሚደርስላችሁ አራት ቀጫጭን እግር ብቻ ነው፤ እሱም የአሸዋ ቀለም ነው። በባለ መኪናው መስተዋት ላይ ከባዱ ሰውነቱ ይወድቃል፤ ሞተረኛው ግን የሚጋጨው በራሱ ደረት ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ረጅም መብራት ማብራት የዚህ አገር ሌሊት ግዴታ ነው። ስለዚህ የአምፖላችሁ ሁለቱም ክሮች ሊሠሩ ይገባል፤ ከተማ ውስጥ ከርማችሁ ረጅሙን መጨረሻ ያበራችሁት መቼ እንደሆነ እንኳ አታስታውሱ ይሆናል።

በነገራችን ላይ አገራችን ውስጥ በዚህ ረገድ አንድ ዕድል አለን። ጎጃም ውስጥ በሌሊት መንገድ ዳር የሚሄድ ገበሬ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ በደካማ መብራት እንኳ ከሩቅ ይታያል። እዚህ ጥቁር ዓባያ ለብሳ መንገድ የምታቋርጥ እናት አጠገቧ እስክትደርሱ አትታይም። ወደ አገር ቤት ስትመለሱ ግን ጋቢው አያዘናጋችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ አባይን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ፣ ጥምዝ ላይ የፍሬን መብራት የሌለው የተበላሸ አይሱዙ ድንጋይ ተደግፎ ቆሞ ይጠብቃችኋል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክልን በፈቃድ ካልሆነ አግዳለች፤ ሞተር ሕይወታቸው የሆነ ሌሎች ከተሞች ግን አሉ። ከዚህ ሠርታችሁ ሞተር ልትገዙ የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የምለው ለሁለቱም አገር ይሠራል።

አሁን ወደ አምፖሉ። ይህን እጄ ላይ ያለውን አምፖል ከፊት የተቀመጣችሁ እዩትና ወደ ኋላ አሳልፉት። ብረቱን ይዛችሁ አሳልፉ እንጂ ብርጭቆውን አትንኩ፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ይህ አምፖል አልተቃጠለም። ከባትሪ ጋር ባገናኘው አሁንም ይበራል። ግን ብርጭቆው ጫፉ ላይ ጭስ የነካው ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ክር ደግሞ መሀሉ ላይ ዝቅ ብሏል፣ ጥቅልሉም እኩል አይደለም፤ አንድ ቦታ ጠበቅ፣ አንድ ቦታ ላላ ብሏል። ይህን ያየ ኤሌክትሪክ ሠሪ ዕድሜው እንዳለቀ ያውቃል።

እንዴት አረጀ? ክሩ ተንግስተን የሚባል ብረት ነው፤ ሲበራ ከ2,500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚህ ግለት ብረቱ በትንሽ በትንሹ ይተናል። ተራ አምፖል ቢሆን ኖሮ ትነቱ ሁሉ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ያጠቁረው ነበር። ሃሎጅን የምንለው አምፖል ውስጥ አዮዲን ወይም ብሮሚን ትንሽ ተጨምሮበታል፤ የተነነውን ተንግስተን ይዞ ተመልሶ ክሩ አካባቢ ይጥለዋል። ብልሃቱ ለመኪና መብራት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1962 አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ሁለት ክር በአንድ ብርጭቆ የያዘው ኤች 4 የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1971 ነው። ይህ መላሽ ጋዝ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ የተነነውን የሚመልሰው ከተነሣበት ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ቦታ እየቀጠነ ይሄዳል። የቀጠነው ቦታ ይበልጥ ይግላል፤ ይበልጥ የጋለው ይበልጥ ይተናል። በመጨረሻ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ንዝረት፣ ወይም ማታ ቁልፍ ስታዞሩ የሚመጣ የመጀመሪያ ጉልበት ይበጥሰዋል። አምፖል ሲበራ ነው እንጂ በርቶ ሳለ ብዙ አይበጠስም የምትሉት እውነት ነው፤ ሞተር ላይ ግን ንዝረቱ ስላለ በርቶም ይበጠሳል።

የተራ ሃሎጅን አምፖል ዕድሜ ጥቂት መቶ ሰዓት ነው። በሌሊት አምስት ስድስት ሰዓት እያበራ ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ያንን በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ካሰባችሁና አምፖላችሁ መቼ እንደገባ ካላወቃችሁ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። አውጥታችሁ ግን አትጣሉት። የሚሠራ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጠንካራ ቆርቆሮ ወይም የመድኃኒት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከኮርቻው ሥር አስቀምጡት። መንገድ ላይ አዲሱ ቢከዳችሁ አሮጌው እስከሚቀጥለው ማደያ ያደርሳችኋል። በአንድ አምፖል ዋጋ ሁለት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚጠይቃችሁ «ስንት ዋት?» ብሎ ነው። እኔ የምጣላው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች፣ ቦክሰር የሚባለውንም ጨምሮ፣ የሚጠቀሙት 35 ዋት ረጅም፣ 35 ዋት አጭር የሆነውን ነው፤ ኤች ኤስ 1 ይባላል። ትልልቆቹ 60 እና 55 ዋት የሆነውን ኤች 4 ይጠቀማሉ። ሁለቱ በመልክ መንታ ናቸው፤ ጆሮዎቻቸው ግን በጥቂቱ ይለያያሉ። ይህን ልዩነት በሞረድ ሞርዶ ኤች 4ን በትንሹ ሞተር ላይ የሚገጥም ወርሻ (ጥገና ቤት) አይጠፋም፤ ሞተረኛውም ብርሃኑን አይቶ ሰውየውን መርቆት ይሄዳል። ከዚያ ምን ይሆናል? በ12 ቮልት 35 ዋት የሚስበው ወደ 3 አምፔር ነው፤ 60 ዋት 5 አምፔር ይስባል። ለ3 የተሠራ ቀጭን ሽቦ፣ ለ3 የተሠራ ማብሪያ፣ ለ3 የተሠራ የፕላስቲክ ሶኬት 5 ሲያልፍባቸው ይግላሉ። ይህ ሁለተኛው የማሳልፈው ነገር የዚያ ውጤት ነው። ሶኬቱ ነጭ ነበር፤ አሁን ቡናማ ሆኖ አንደኛው ቀዳዳ ቀልጦ ተደፍኗል፤ ናሱም ሰማያዊ ሆኗል። ከዚህም ሌላ ከትንሽ ሞተር ዲናሞ ለባትሪው የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ሌሊቱን አብርታችሁ ስታድሩ ባትሪው ይራባል።

ትርፉስ? ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሳሳል። ስለዚህ እጥፍ ርቀት ለማየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ከ35 ወደ 60 ዋት ብትወጡ ጉልበቱ አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ ነው፤ የምታዩት ርቀት ግን የሚጨምረው በሲሶ ያህል ነው። ለሲሶ ርቀት ሶኬት ማቅለጥ ጥሩ ንግድ አይመስለኝም።

የጠፋው ብርሃን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። አምፖሉ ላይ የሚደርሰው ቮልት በጥቂቱ ሲቀንስ ብርሃኑ በብዙ ይቀንሳል። ባትሪያችሁ ላይ 13 ነጥብ 5 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 12 ብቻ ቢሆን፣ የጎደለው ጉልበት ትንሽ ይመስላል፤ ብርሃኑ ግን ሲሶውን ያጣል። አዲስ አበባ ሦስተኛ ፎቅ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዋናው ቧንቧ ላይ ውኃ አለ፣ እናንተ ጋ ግን ይንጠባጠባል፤ የቧንቧውን አፍ በሌላ ቢለውጡት ውኃው አይጨምርም። ብዙ ሰው «መብራቴ ደከመ» ብሎ አምፖል ይገዛል፣ ከዚያ ሌላ ይገዛል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ኤልኢዲ ይገዛል። ጥፋቱ ግን የዛገ ሶኬት ወይም ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው የላላ ብሎን ነው።

የሚለካውም በቀላሉ ነው። ርካሽ ቮልት መለኪያ ያዙ፤ ከመካከላችሁ የአንዱ ቤት አይጠፋም። ሞተሩን አስነሡ፣ መብራቱን አብሩ፣ ትንሽ ጋዝ ስጡ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ከ13 ነጥብ 5 እስከ 14 ነጥብ 5 መሆን አለበት። ቀጥሎ አምፖሉ ገብቶ እየበራ ከሶኬቱ በስተ ኋላ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ በሽቦው መንገድ ላይ ቮልት የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ተርሚናሉን በቀጭን የአሸዋ ወረቀት አጽዱት፤ የላላውን በፒንሳ በስሱ ጠበቅ አድርጉት፤ የአርዙን ብሎን ፈትታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቃችሁ መልሳችሁ እሰሩት። የሪያድ ደረቅ አየር ዝገት አያበዛም፤ ከጂዳ ወይም ከደማም የመጣ ሞተር ግን የባሕር እርጥበት ስለነካው ተርሚናሉ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ባትሪው ላይ ያለው ከ15 በላይ ከሆነ ግን አምፖል ለመለወጥ አትቸኩሉ። ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። ቮልት አምስት በመቶ ሲጨምር የአምፖል ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በየሳምንቱ አምፖል እየገዛ ሻጩን «ተቅሊድ (አስመሳይ ዕቃ) ሰጠኸኝ» እያለ የሚጣላ ሰው መጀመሪያ ይህን ይለካ። ሻጩም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ ተቅሊዱ አለ። አስሊውን፣ ማለትም እውነተኛውን፣ ለመለየት ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ፤ የአምፖሉ ዓይነት፣ ቮልቱና ዋቱ፣ እንዲሁም በክብ ውስጥ የተጻፈች «ኢ» የምትባለው የላቲን ፊደልና አጠገቧ የአገር ቁጥር ይኖራል። ቁጥር 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድ ነው፤ ፈተናውን ያለፈው እዚያ ነው ማለት ነው። አስመሳይ ማኅተምም ሊያስመስል ይችላል፤ ግን ማኅተም ጭራሽ የሌለውን ለምን ትገዛላችሁ?

ካርቶኑ ላይ «መቶ በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» የሚል አለ። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የብርሃኑ ዋጋ ግን በዕድሜው ነው የሚከፈለው። ክሩ ይበልጥ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል። ለረጅም ጉዞ እኔ ተራውን እመርጣለሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ደግሞ ለሠርግ አጀብ ተዉት፤ ቀለሙ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ኤልኢዲ የሚለውን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራ መብራት ግሩም ነው። በሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚሰካው ኤልኢዲ ሌላ ነገር ነው። አንጸባራቂው የተሠራው ለአንዲት ቀጭን ክር፣ በአንዲት ልክ ቦታ ላይ ላለች ክር ነው። ብርሃኑ በሌላ ቦታ ሲመነጭ አንጸባራቂው የት እንደሚልከው አያውቅም፤ ፊታችሁ ያለው አስፋልት ይነጣል፣ ሩቁ ይጨልማል፣ የሚመጣባችሁ ሰው ዓይኑን ያጣል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያለ ኤልኢዲን ስትፈቅድ እንኳ ተፈትኖ ለተመዘገበ የመኪና ሞዴል ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ፋን በዚህ አገር አቧራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተው ፍረዱ።

ወደ መለወጡ እንምጣ። ሞተሩ ከጠፋ፣ አምፖሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። በብዙው ትንሽ ሞተር ላይ የመብራቱን ቤት ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ በካቻቪቴ ፈትታችሁ ፊቱን ወደ ራሳችሁ ሳብ ታደርጋላችሁ። ከኋላው ሶኬቱ አለ፤ ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይዛችሁ ነቅንቃችሁ ንቀሉ። ቀጥሎ የጎማ ኮፍያ አለ። ብዙ ሰው ይህን ኮፍያ ቀዳድዶ ይጥለዋል፤ አታድርጉት። የዚህ አገር አቧራ ዱቄት ነው፤ ኮፍያ የሌለው መብራት በአንድ የአቧራ ማዕበል አንጸባራቂው ይታወራል፤ አንጸባራቂውን ደግሞ በጨርቅ ብትወለውሉት ብሩ ይነሣል። ከኮፍያው ሥር የሽቦ መያዣ ታገኛላችሁ፤ ጫን አድርጋችሁ ወደ ጎን ስትለቁት አምፖሉ ይወጣል።

አዲሱን ከካርቶኑ ስታወጡ ብረቱን ያዙ። ብርጭቆው ኳርትዝ ነው፤ የጣታችሁ ወዝና ጨው ሲነካው፣ ሲግል ያ ቦታ ተለይቶ ይበላሻል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ከነካችሁት በአልኮል የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይግባ። ሦስቱ ጆሮዎች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል፣ ቦታውም አንድ ብቻ ነው። በግድ አታስገቡ። አጭር መብራት የሚሰጠው ክር ሥር ትንሽ የብረት ማንኪያ መሰል ጋሻ አለች፤ ወደ ላይ የሚወጣውን ብርሃን የምትቆርጠው እሷ ናት። አምፖሉ ተጣሞ ወይም ተገልብጦ ከገባ ጋሻዋ በተቃራኒው ትሠራለች፤ አጭር አበራሁ ብላችሁ የሰው ዓይን ታወጣላችሁ። ኮፍያውን ስትመልሱ «ላይ» የሚል ምልክት ካለው ወደ ላይ ይሁን፤ የውኃ መውጫው ከታች እንዲሆን ነው። ብሎኖቹን ከማጥበቃችሁ በፊት አጭርም ረጅምም አብሩ።

አሁንም አላለቀም፤ አብዛኛው ሰው ግን እዚህ ያቆማል። አምፖል ከተለወጠ በኋላ አነጣጠሩ መታየት አለበት፣ ያውም ሻንጣው ተጭኖ፣ ነጂው ተቀምጦ፣ የሚፈናጠጥም ካለ ተፈናጥጦ። ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ። የመብራቱን መሀል ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። መብራታችሁ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ይህ ማለት ጠርዙ መንገዱን የሚነካው 90 ሜትር ላይ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 30 ሜትር ላይ ይወድቃል፤ ምርጥ አምፖል ገዝታችሁ የፊት ጎማችሁን ታበራላችሁ። በተቃራኒው ከኋላ ጭነት ሲከብድ የሞተሩ አፍንጫ ይነሣል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢነሣ 10 ሜትር ላይ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣ ማለት ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሰማይ ነው፣ የሚመጣው ሹፌርም ረጅም እያበራ ይሰድባችኋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ማስተካከያው ከመብራቱ ሥር ያለ አንድ ብሎን ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ስናገር ወደ ወንዶቹ ብቻ እያየሁ ከሆነ ይቅርታ። እ.ኤ.አ. ከጁን 2018 ጀምሮ በዚህ አገር ሴቶችም መኪናም ሞተርም መንዳት ተፈቅዶላቸዋል፤ ካቻቪቴ ደግሞ ድሮም ፈቃድ አልጠየቀም።

ስለ አቧራ ሁለት ነገር ልበል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ አቧራው ላይ ነጥሮ ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል። አጭሩን አብርታችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ካልሆነም ከመንገዱ በደንብ ወጥታችሁ ቁሙ። የመብራቱን ፊት ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ አሸዋው ፕላስቲኩን ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውኃ አፍስሱበት።

አሮጌ ሞተር ያላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ የማይበራ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ የሚመገበው በቀጥታ ከዲናሞው ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ጋዝ ሲቀንስ መብራቱ ይደክማል። የአባይን በረሃ ጥምዝ ስትገቡ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ መብራት በጣም በሚያስፈልጋችሁ ቅጽበት ይፈዛችኋል። መድኃኒቱ አምፖል አይደለም፤ ማርሽ ቀንሶ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ መግባት ነው።

መንገድ ላይ አጭሩ ክር ቢበጠስባችሁና ትርፍ ባይኖራችሁ፣ ረጅሙን አብርታችሁ አነጣጠሩን በዚያው ብሎን ዝቅ አድርጉት፤ የሰው ዓይን ሳትወጉ ቀስ ብላችሁ እስከ ማደያ ትደርሳላችሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን መጀመሪያ የምታዩት ፊውዙን ነው፤ ሁለት ክር በአንድ ሰከንድ አይበጠስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትርፍ ፊውዝም ከአሮጌው አምፖል ጋር አብሮ ይቀመጥ፣ አምፔሩ ልክ እንደ መጀመሪያው የሆነ። በስልክ መብራት ለመንዳት ግን ማንም አይሞክር።

በመጨረሻም የሥራውን ውጤት ከከተማ ሳትርቁ ፈትኑት። የመጀመሪያው ማደያ ላይ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙ። ሞተሩን አጥፉና እጃችሁን ከመብራቱ ኋላ አስገብታችሁ ሶኬቱን ያዙ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ ጉዟችሁን ቀጥሉ። ጣታችሁን የሚያቃጥል ከሆነ አንዱ ተርሚናል አልያዘም፤ ሪያድ ገና 50 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ ተመለሱ። ቮልት መለኪያዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ሞተራችሁን ውጭ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ከቡናው በኋላ በየተራ አስነሡልኝ።